ሁለት ወንበር ያላት ቀይ መኪና

ሆሳዕና ውስጥ አንድ ሰው ከደቡብ አፍሪካ መጣ ከተባለ፣ ስለ ጤንነቱ ከመጠየቁ በፊት «ምን ይነዳል?» ተብሎ ነው የሚጠየቀው። ይህን ጠባያችንን አልወደውም። ግን አልዋሽም፤ አዲስ መኪና ገባ ሲባል እኔም ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ ወደ በሩ ብቅ የምል ሰው ነኝ።

ሲላስ ከሰባት ዓመት በኋላ ለሃዲያ ዘመን መለወጫ፣ ለያሆዴ በዓል ሲመጣ ታዲያ ከተማው አንገቱን አስግጎ ነበር የጠበቀው። እሱ ግን ሻንጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ በሚኒባስ መጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው አዘነለት። «ሳይሳካለት ቀርቶ ይሆን?» እያሉ ከንፈር የመጠጡም ነበሩ። በአራተኛው ቀን የመኪና ደላላው ዳኘ ግቢው ድረስ ወሰደውና ሁለት መኪና አሳየው።

አንደኛዋ ቀይ ናት። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ጥቂት የቀረው የስፖርት መኪና። ሁለተኛዋ ብርማ ቪትዝ ናት። ስለ እሷ ብዙ የሚባል ነገር የለም፤ እንደ እሷ ያለች በየመንገዱ ሞልታለች።

«ሁለቱንም ሞክራቸው» አለው ዳኘ። «ቅዳሜ ማታ አንዷን ትመልስልኛለህ። እሑድ በምን እንደምትሄድ ራስህ ታውቃለህ።»

እሑድ የተባለው ያለ ነገር አልነበረም። እሑድ የሲላስ ሽማግሌዎች ራሄልን ለመጠየቅ ወደ አባቷ ወደ መምህር ተክለጊዮርጊስ ቤት ሊሄዱ ተቀጣጥረዋል።

ራሄል ፎንቆ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። ከሲላስ ጋር የተዋደዱት ተማሪ እያሉ ነው። እሷ ተመርቃ ሥራ በጀመረችበት ዓመት ሲላስ ሽማግሌ እንኳ ሳይልክ ራሱ ሄዶ አባቷን ጠየቃቸው። የእነ ሲላስ ቤት ፕሮቴስታንት፣ የእነሱ ቤት ካቶሊክ መሆኑን አላነሱበትም። አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው «ልጄ፣ በምን ታስተዳድራታለህ?» ብቻ አሉት። ቁጣ ቢሆን ይረሳ ነበር። ይህች የለሰለሰች ጥያቄ ግን ሲላስን ደቡብ አፍሪካ አደረሰችው።

እዚያም ሎኬሽን በሚሉት የድሆች ሰፈር፣ ሌባ በመፍራት በብረት ፍርግርግ በታጠረ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ዳቦና ሳሙና ሲሸጥ ሰባት ዓመት ኖረ። ከፍርግርጉ ወዲያ አንዳንዴ እንደዚህች ያለች ቀይ መኪና ታልፋለች። «አንድ ቀን እንዲህ ባለችው መጥቼ የመምህር ተክሌ በር ላይ ክላክስ አደርጋለሁ» ይል ነበር። ሰው በባዕድ አገር የሚይዘው ተስፋ አይናቅም፤ እሱን አቁሞ ያኖረው ይህ ነው።

ስለዚህ ዳኘ ቁልፎቹን ሲሰጠው እጁ ወደ ቀይዋ ሄደ።

*

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ራሄልን ከሥራ ሊያመጣት በቀይዋ ወደ ፎንቆ ወረደ። ሞተሩ ሲጮህ ደረቱ አብሮ ይጮህ ነበር። አስፋልቱ ላይ ማንም አልቀደመውም። ከአስፋልቱ ወደ ጤና ጣቢያው የምታስገባዋ መንገድ ላይ ግን ክረምቱ የተወው ጭቃ ገና አልደረቀም ነበርና መኪናዋ በሆዷ ተኛች። ወደ ፊትም ወደ ኋላም እምቢ አለች።

የገበያ ቀን ነበር። ከገበያ የሚመለሰው ሰው ዕቃውን እያስቀመጠ መጣና መኪናዋን እንደ ታመመ ሰው ከመሬት አነሳት። ተሸክመው ሲያወጧት ሲላስ መሪውን እንደያዘ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ራሄል በነጭ ጋውኗ ወጥታ ይህን አየች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ እስክታነባ ሳቀች። ሲላስም አያት፤ በመስታወቱ በኩል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ለሰባት ዓመት በስልክ ብቻ የሰማው ሳቅ አሁን ጥርስና ጉንጭ ኖሮት ሲያየው ጭቃውን ረሳው።

ወደ ሆሳዕና ሲመለሱ ግን ሳቋ ቆሟል። የመኪናዋን በር በጣቷ ጫፍ ትዳብሳለች።

«አላማረችሽም?» አላት።

«ታምራለች።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«በጣም ታምራለች ሲላስ። እሱ ነው የጨነቀኝ።» ወደ መንገዱ እያየች ጠየቀችው። «ሱቁን ማን ይዞልሃል?»

«ኤልያብ ነዋ፣ ሸሪኬ። እስከ ጥር አደራ ብዬዋለሁ።»

«እስከ ጥር።»

«የመኖሪያ ፈቃዴ እስከዚያ ነው የሚሠራው። ከዚያ በፊት ካልገባሁ ይቃጠልብኛል። ግን ገና አልወሰንኩም እኮ ራሄልዬ፤ እንዲሁ በሩ አይዘጋ ብዬ ነው።»

ከተማው መግቢያ ላይ ሲደርሱ «እዚህ አውርደኝ፣ በባጃጅ እሄዳለሁ» አለችው። ሲላስ ጭቃ በነካው መኪና ውስጥ መታየቱን ጠልታ መሰለው። ባጃጇ እስክትሰወር ድረስ በመስታወት እያያት፣ ከሰባት ዓመት በፊት ከመምህር ተክሌ በር ሲመለስ የተሰማው ያ ማነስ እንደገና ተሰማው።

*

ሲላስ ያላወቀው ነገር ነበር። እሱ በሄደበት ሰባት ዓመት እኛ ሆሳዕናዎች መኪና ማንበብ ለምደናል። የሚቀር ሰው የሚገዛውና የሚሄድ ሰው የሚገዛው ይለያያል። የሚሄደው የምታበራዋን ይገዛል፤ ለሠርጉ ያሸበርቅባታል፤ ወር ከአሥር ቀን ይነዳታል፤ ከዚያ ሽጧት በአውሮፕላን ይሄዳል። ሙሽራዋ ከአማቶቿ ጋር ትቀራለች። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ከሁሉ በላይ የምታውቀው ደግሞ የራሄል ታላቅ እህት ዓለሚቱ ናት። የእሷ ባል ጥቁር የስፖርት መኪና ነበር ያመጣው። ይኸው ከሄደ ስድስት ዓመቱ።

ዓርብ ጠዋት ዓለሚቱ ራሷ እነ ሲላስ ቤት መጥታ የታጠፈ ወረቀት ሰጠችው። «እኔ አላነበብኩትም» አለችው። «አንተ ግን ሁለቴ አንብበው።» ሻይ እንኳ ሳትቀምስ ወጣች።

ሲላስ ወረቀቱን ይዞ ቀይዋ መኪና ውስጥ ገባና በሩን ዘጋ።

«ሲላስዬ፣

በስልክ ብነግርህ ድምፅህን ስሰማ ልቤ ይርዳል፤ ስለዚህ ጻፍኩልህ። ሐሙስ በመኪናው አፍሬ የወረድኩ እንዳይመስልህ። ሰው ተሸክሞህ ሲያወጣህ እኮ ‹ያ የኔ ነው› ብዬ ለሥራ ባልደረቦቼ በጣቴ ነበር ያሳየሁህ።

ግን ያችን መኪና አውቃታለሁ። እሷን ባይሆን ብጤዋን። እህቴ በሠርጓ ማግስት በገዛ እጇ አጥባታለች። ዓለሚቱ አታማርርም፤ ታውቃታለህ። ነገር ግን ስልክ በጮኸ ቁጥር ማን እንደሆነ ሳታውቅ እጇን በቀሚሷ ታደርቃለች። የሚደውለው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው።

እኔ ሰባት ዓመት ድምፅ ወደድኩ። ጎበዝ ሆኜበታለሁ። ምሳ መብላትህንና አለመብላትህን ከአተነፋፈስህ አውቃለሁ። በዚህ ነገር ከዚህ በላይ ጎበዝ መሆን አልፈልግም።

እሑድ አባዬ ጠርቶ ይጠይቀኛል። ለእሱ ዋሽቼ አላውቅም። በጥር የምትሄድ ከሆነ ሽማግሌዎቹ ይናገሩልህ። እኔም እምቢ እላለሁ። እያለቀስኩ እላለሁ፣ ግን እላለሁ። የምትቀር ከሆነ ደግሞ ለእኔ ብለህ አትቅር። ለእኔ ብሎ የቀረ ሰው በከፋው ቀን ሁሉ ዓይኔን እያየ ‹ባንቺ ምክንያት› ይለኛል።

ራሄል»

መጀመሪያ የመጣበት ንዴት ነው። «ሰባት ዓመት በፍርግርግ ውስጥ የቆምኩት ለማን ነበር?» ብሎ መሪውን በመዳፉ መታው። ሁለተኛ ሲያነበው ንዴቱ ቀነሰ። እዚያ ሆኖ ስልክ ሲደውል ስለ ራሱ ብርድ፣ ስለ ራሱ ፍርሃት ነበር የሚያስበው። በወዲያኛው ጫፍ ስልኩን የሚያነሳ ሰው እንዴት እንደሚውል አንድ ቀን እንኳ አስቦ አያውቅም። ወረቀቱን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና አንገቱን መሪው ላይ ደፋ። አፈረ፤ በጣም ነው ያፈረው።

*

ቅዳሜ ጠዋት አጎቱ ጋሽ አበራ መጡ። የሽማግሌዎቹ መሪ እሳቸው ናቸው። መኪናዋን ዞረው አዩና «ነገ በዚህች ነው የምንሄደው?» አሉ።

«አላማረችዎትም ጋሼ?»

«እኛ አራት ነን። ሦስታችንን ጣሪያ ላይ ልታስረን ነው?»

ሲላስ ይህን አላሰበም ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት ሕልሙ ውስጥ በመኪናዋ የሚመጣው እሱ ብቻ ነው፤ ሽማግሌ የሚቀመጥበት ቦታ በሕልሙ ውስጥ አልነበረም። ጋሽ አበራ ለማንኛውም ልሞክራት ብለው ገቡ። መግባቱስ ገቡ፤ መውጣት አቃታቸው። ሲላስና እናቱ ግራና ቀኝ ክንዳቸውን ይዘው ሲጎትቷቸው ሽማግሌው ኮፍያቸው ወድቆ፣ «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! እኔም ለወንበሩ ልስላሴ ብዬ!» እያሉ ይስቁ ነበር።

ከወጡ በኋላ ግን ኮፍያቸውን አራግፈው ሲያጠልቁ ፊታቸው ተለወጠ።

«መኪናውስ ይቅር፣ በባጃጅም እንሄዳለን። መምህር ተክሌ ነገ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። ‹ልጃችሁ ይቀራል ወይስ ይሄዳል?› ይለኛል። ምን ልበል?»

«በሩ ክፍት ነው በሉ…»

«እንደሱ ብዬ የሰው ልጅ አልጠይቅም። ሽማግሌ አይዋሽም ሲላስ። እስከ ማታ ነግረኸኝ እደር።»

ሲላስ ቆሞ ቀረ። ልቤ ምን ይላል ብሎ ራሱን ጠየቀ፤ ይህን ጥያቄ ከጠየቀ ብዙ ጊዜው ነው። እናቱ ጓሮ ሆና ከጎረቤት ጋር በሃዲይኛ ትጨዋወታለች። ወሬው ስለ ድንች ነበር። ስለ ድንች የሚወራ ወሬ እንዲህ አንጀት ይበላል ብሎ አስቦ አያውቅም። ደክሞት እንደነበር ያኔ ገባው። ለራሄል ብሎ አይደለም፤ እሱ ራሱ ነው የደከመው።

ስልኩን አነሳ።

«ኤልያብ፣ የሱቁን ድርሻዬን አንተው ውሰደው።»

«ምን ነካህ? ታመሃል እንዴ?»

«አልታመምኩም። ልቀር ነው።»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እሱ ራሱ ደነገጠ። ኤልያብም «ወንድሜ፣ ቀናሁብህ» አለው። ድምፁ ተሰብሮ ነበር።

ከዚያ ሲላስ አንድ ነገር አደረገ፤ በዚህስ አልፈርድበትም። ቀይዋን አስነስቶ ለብቻው እስከ አዲሎ ከተማ ድረስ ነዳት። አዲሎ ላይ ሰው ሲከባት፣ ሹፌሮች ሞተሯን ክፈትልን ሲሉት፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ እየጠጣ በኩራት አሳያቸው። ሲመለስ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ነፋሱን እየሰማ መጣ። ዳኘ ግቢ ገብቶ ቁልፏን ሲሰጥ እጁ ቶሎ አልለቀቀም።

«እውነቱን ንገረኝ፣ ልብህ እዚችው ላይ ነው» አለው ዳኘ።

«ነው» አለ ሲላስ። «ግን ሽማግሌ አትጭንም።»

የቪትዟን ቁልፍ ይዞ ወጣ። ልቡ ከብዶት ነበር፤ ግን እንደ ሸክም አልነበረም።

*

እሑድ ራሄል ከጓዳ ሆና ጆሮዋን ወደ ውጭ አቁማ ነበር። የቀይዋን ሞተር ጩኸት ከሩቅ ልትሰማ ትችላለች። ምንም አልሰማችም። «ቀሩ» አለች በልቧ፤ «ልብ አጥቶ ቀረ።» ልክ በዚያው ሰዓት በሩ ተንኳኳ።

ዓለሚቱ በመስኮት አየች። «ራሄል፣ ነይ እይ! አራቱም ከአንዲት ቪትዝ ውስጥ እየወጡ ነው። ጋሽ አበራ ኮፍያቸውን ፍለጋ ተመልሰው ገቡ።» ሁለቱ እህትማማቾች ተቃቅፈው በሳቅ ፈነዱ፤ ከዚያ ወደ ሳሎኑ መጋረጃ ጠጋ አሉ።

ሳሎን ውስጥ መጀመሪያ የጸሎት ነገር አከራከረ። ካቶሊኩ መምህር ተክሌ «እንግዳ ይቀድማል» አሉ፤ ፕሮቴስታንቱ ጋሽ አበራ «ባለቤት ይቀድማል» አሉ። ሁለቱም ጸለዩ፤ አንዱ ከሌላው አላነስም ብሎ አስረዘመው። ራሄል ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ የሁለቱንም አሜን አለች። ከዚያ አባቷ ያንኑ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። አንዷ ልጄ ምን ላይ እንዳለች ታያላችሁ። ልጃችሁ ይቀራል ወይስ ይሄዳል?»

«ይቀራል» አሉ ጋሽ አበራ። «ሱቁን ትናንት ለሸሪኩ አስረክቧል። ጥር ሲመጣ ፈቃዱ ይቃጠላል፤ ይቃጠል ብሏል። ምን እንደሚሠራ ገና አልቆረጠም፤ እሱን አልዋሽም። መቅረቱን ግን ቆርጧል።»

ዓለሚቱ የራሄልን እጅ ጨበጠች። ጭብጧ ውስጥ ደስታም ሌላ ነገርም ነበር። ራሄል ያንን ሌላ ነገር አውቃ እህቷን ግንባሯ ላይ ሳመቻት።

«ራሄል!» አባቷ ጠሩ። «ሰምተሻል?»

መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። «ሰምቻለሁ አባዬ።»

«ምን ትያለሽ?»

«መልሴን ከመናገሬ በፊት ውጭ ደርሼ ልምጣ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ ነገር በሽምግልና ታሪካቸው አልገጠማቸውም። መምህር ተክሌ ግን ልጃቸውን ትክ ብለው አዩና «ሂጂ» አሉ። «ሽማግሌ መጠበቅ ሥራው ነው።»

ቪትዟ ከአጥሩ ውጭ ቆማለች። በደንቡ መሠረት ሲላስ ወደ ቤቱ መግባት አይችልም፤ ሽማግሌዎቹን አድርሶ እዚያው ይጠብቃል። የተቀመጠው ግን በመሪው በኩል አልነበረም። ወደ ወዲያኛው ወንበር ተሻግሯል። የሹፌሩ በር ተከፍቶ፣ ወንበሩ ባዶ ነው።

ራሄል በሩ አጠገብ ቆመች። የምትናገረውን ሁሉ ከጓዳ እስከ አጥር ስትመጣ ረስታዋለች።

«ቀይዋስ?» አለች።

«ተሰናበትኳት። ትንሽ ሳላለቅስ አልቀረሁም።»

ራሄል ሳቀች፤ ዓይኗ ግን ሞልቶ ነበር። «ለእኔ ብለህ ነው?»

«አይደለም። ለአንቺ ብዬ ቢሆን ቀይዋን ነበር የምገዛው፤ ላስደንቅሽ።» እሷን ማየት ከብዶት መሪውን ያይ ነበር። «ደክሞኝ ነው ራሄል። በስልክ መኖር ደክሞኝ። ሰው ሲያስነጥሰው ‹ይማርህ› የሚለው ቤት ውስጥ መኖር እፈልጋለሁ። አንቺ እምቢ ብትይኝም እቀራለሁ። እዚሁ ከተማ፣ እያየሁሽ፣ እየተቃጠልኩ እቀራለሁ።»

ይህን ስትሰማ የሆነ ነገር ውስጧ ላላ። ለሰባት ዓመት ጥርሷን ነክሳ የያዘችው ነገር ነበር፤ መያዟን እንኳ ረስታው ነበር።

«ታዲያ ለምን እዚያ ተቀመጥክ?»

«ያ ያንቺ ቦታ ነው። ወደ ሥራ የምትሄጂባት አንቺ ነሽ። ሰኞ በስምሽ እንድናዋውላት ነው የምፈልገው።»

«እኔ መንዳት አልችልም እኮ።»

«አስተምርሻለሁ።»

«ሲላስ፣ እኔ ፈሪ ነኝ። መርፌ ስወጋ እንጂ እንዲህ ያለ ነገር ላይ እጄ አይደፍርም። ዓመት ይፈጅብኛል።»

«ይፍጅብሽ» አለ።

አንዲት ቃል ናት። ራሄል ግን ሰምታት አታውቅም። ሁልጊዜ ካርዱ ሊያልቅ ነው፣ ደንበኛ መጣ፣ ኔትወርኩ ሊቆረጥ ነው እየተባለች የኖረች ሴት ናት። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ልጅ ሆና እንኳ እንደዚያ አልቅሳ በማታውቀው ዓይነት አለቀሰች። ሲላስ ሊነካት እጁን ዘረጋ፤ የአባቷ ቤት በር ላይ መሆኑን አስታውሶ መልሶ ሰበሰበው።

ቤት ውስጥ አምስት አረጋውያን መልስ ይጠብቃሉ። ዓለሚቱ ከመስኮቱ ጀርባ ቆማለች። ራሄል ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች፣ ገባችና ከመሪው ኋላ ተቀመጠች፣ በሩን ሳበችው። ሲላስ ቁልፉን አልሰጣትም፤ እሷም አልጠየቀችውም። ሁለቱም የትም መሄድ አላማራቸውም።